ኤክስአርኤፍ ለአፈር፣ ለደለልና ለአቧራ ምርመራ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከተማሪዎች፣ ከአካባቢ ጥበቃ ባለሙያዎችና አፈር በፌስታል ቋጥረው ከሚመጡ ሰዎች አዘውትሬ የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ተደርድረዋል።

ኤክስአርኤፍ ምንድን ነው? እንዴትስ ይሠራል?

ኤክስሬይ ፍሎረሰንስ፣ በአጭሩ ኤክስአርኤፍ፣ ናሙና ውስጥ የትኞቹ ንጥረ ነገሮች በምን ያህል መጠን እንዳሉ በኤክስሬይ የሚለይ ዘዴ ነው። መሣሪያው ናሙናው ላይ ኤክስሬይ ይለቃል። ጨረሩ ከአቶሙ ውስጠኛ ምህዋር አንድ ኤሌክትሮን መትቶ ያስወጣል። ባዶ የቀረውን ቦታ ለመሙላት ከውጭኛው ምህዋር ሌላ ኤሌክትሮን ይወርዳል፤ ሲወርድ የተረፈውን ኃይል እሱም በኤክስሬይ መልክ ይለቀዋል። የዚህ ሁለተኛ ጨረር ኃይል ለእያንዳንዱ ንጥረ ነገር የተለየ ነው፦ የብረት 6.40፣ የመዳብ 8.05፣ የዚንክ 8.64 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት (የጨረር ኃይል መለኪያ ነው)። ዲቴክተሩ የሚደርሱትን ጨረሮች አንድ በአንድ ኃይላቸውን እየለካ ይቆጥራል። ኃይሉ ማንነቱን ይነግረናል፤ ቆጠራው ደግሞ መጠኑን።

ይህን ሥርዓት እ.ኤ.አ. በ1913 ያሳየው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሞስሊ ነው። ንጥረ ነገሮች በአቶሚክ ቁጥራቸው ሲደረደሩ የጨረራቸውም ኃይል ደረጃ በደረጃ እንደሚያድግ ለካ። ከሁለት ዓመት በኋላ በ27 ዓመቱ በጋሊፖሊ ጦርነት ሞተ። ዛሬ አንድ የመስክ ባለሙያ ማንሻውን ተጭኖ ከደቂቃ በኋላ «እርሳስ» የሚል ቃል ስክሪኑ ላይ ሲያነብ፣ ከኋላው ያለው የዚያ ወጣት ሥራ ነው።

ከሆስፒታሉ ኤክስሬይ በምን ይለያል? ናሙናውንስ አይበክለውም?

የሆስፒታሉ ኤክስሬይ በሰውነት ውስጥ ያለፈውን ጨረር ጥላ ያነሳል። ኤክስአርኤፍ ግን ናሙናው ራሱ መልሶ የሚሰጠውን ጨረር ያነባል። ናሙናው ከተለካ በኋላ ጨረር አመንጪ አይሆንም፤ አይቃጠልም፣ በአሲድም አይሟሟም። ያንኑ አፈር ነገ እንደገና መለካት ወይም ለሌላ ላቦራቶሪ መላክ ይቻላል። ይህ ጥቅም ብዙ ጊዜ ተገቢው ቦታ አይሰጠውም።

ጥንቃቄው ለሰው ነው። በእጅ የሚያዘው መሣሪያ እንደ ሽጉጥ ቅርጽ ስላለው በአንድ እጅ መሣሪያውን፣ በሌላው ናሙናውን ይዞ የመለካት ፈተና አለ። ያን ማድረግ ጣትን በቀጥታ ጨረሩ ውስጥ መክተት ነው፤ በፍጹም መደረግ የለበትም። ናሙናው መሬት ላይ ወይም የተከለለ ማስቀመጫው ውስጥ ይሁን፣ በጨረሩ አቅጣጫ ሰው አይቁም፣ ለኪው የጨረር መመዝገቢያ ባጅ ያድርግ። የቀድሞዎቹ መሣሪያዎች እንደ ካድሚየም-109 ያለ ራዲዮአክቲቭ ምንጭ ስለነበራቸው ጨረሩ የሚገታው በመዝጊያ ብቻ ነበር። የዛሬዎቹ ግን በኤሌክትሪክ ቱቦ ስለሚሠሩ ሲጠፉ ጨረሩም አብሮ ይጠፋል። ቢሆንም ሥልጠናና የጨረር ሥራ ፈቃድ የግድ ነው።

ሁሉንም ንጥረ ነገር ማየት ይችላል?

አይችልም። ቀላል ንጥረ ነገሮች የሚለቁት ጨረር በጣም ደካማ ስለሆነ ዲቴክተሩ ጋ ሳይደርስ አየሩና የመሣሪያው ስስ መስኮት ይውጡታል። በእጅ የሚያዙት መሣሪያዎች አብዛኛውን ጊዜ ከማግኒዚየም ወይም ከአሉሚኒየም በላይ ያለውን ያያሉ፤ ካርቦን፣ ናይትሮጅን፣ ኦክስጅንና ሶዲየም ከዓይናቸው ውጭ ናቸው። በሌላ በኩል ክሮሚየም፣ ማንጋኒዝ፣ ኒኬል፣ መዳብ፣ ዚንክ፣ አርሰኒክ፣ ስትሮንሺየም፣ እርሳስ በደንብ ይታያሉ።

እኛ አገር ከሁሉ በላይ የምሰማው ጥያቄ «የስምጥ ሸለቆን ፍሎራይድ ይለካልን?» የሚለው ነው። ጥያቄው ከልብ የመጣ ነው። በዝዋይና በወንጂ አካባቢ ጥርሳቸው የበለዘ፣ አጥንታቸው የጎበጠ ሰዎችን ያየ ሁሉ ይጠይቀዋል። መልሱ ግን አይለካም ነው። የፍሎሪን ጨረር ኃይሉ 0.68 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ብቻ ነው፤ ጥቂት ሚሊሜትር አየር ይበቃዋል። ለፍሎራይድ የሚያገለግለው በኤሌክትሮድ የሚሠራው መለኪያ ነው፤ ዋጋውም ከኤክስአርኤፍ እጅግ ያነሰ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠውን 1.5 ሚሊግራም በሊትር ለማረጋገጥ ከበቂ በላይ ነው።

ምን ያህል ጥቂት መጠን ያያል? «አልተገኘም» ሲልስ የለም ማለት ነው?

በደንብ በተዘጋጀ ደረቅ አፈር ላይ በእጅ የሚያዝ መሣሪያ እርሳስን፣ አርሰኒክንና ዚንክን ከ5 እስከ 10 ፒፒኤም አካባቢ ጀምሮ ይለያል። አንድ ፒፒኤም በአንድ ኪሎግራም አፈር ውስጥ 1 ሚሊግራም ማለት ነው። ለክሮሚየም ወሰኑ ከፍ ይላል። ለካድሚየምም እዚያው 10 ፒፒኤም አካባቢ ነው፤ ችግሩ ያልተበከለ አፈር ውስጥ ካድሚየም ከ1 ፒፒኤም በታች መሆኑ ነው። ስለዚህ ካድሚየሙ ከተፈጥሮ መጠኑ አምስት እጥፍ ቢጨምር እንኳ ስክሪኑ «አልተገኘም» ሊል ይችላል።

«አልተገኘም» ማለት «ከኔ ወንፊት ዓይን ያነሰ ነው» ማለት ነው እንጂ ዜሮ ማለት አይደለም። ሪፖርት ላይ ዜሮ ብሎ የሚጽፍ ሰው ሳያውቀው ለአንድ መንደር «ሰላም ነው» የሚል የምስክር ወረቀት እየሰጠ ነው። የሚጻፈው «ከ10 ፒፒኤም በታች» ነው፤ ወሰኑም አብሮ ይጠቀስ።

ረዘም ላለ ጊዜ መለካት ይረዳል፣ ግን የሚታሰበውን ያህል አይደለም። ወሰኑን በግማሽ ለመቀነስ ጊዜውን አራት እጥፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ከ30 ሰከንድ ወደ 2 ደቂቃ መሄድ ያዋጣል፤ ከ2 ደቂቃ ወደ 8 ደቂቃ መሄድ ግን በመስክ ላይ እምብዛም አያዋጣም። በዚያ ጊዜ ሦስት ሌሎች ቦታዎችን መለካት ይሻላል።

በእጅ የሚያዘው ይሻላል ወይስ የጠረጴዛው?

ሜዳ ላይ ለመዞር የእጁ፣ ዝቅተኛ መጠንና ቀላል ንጥረ ነገር ለማየት የጠረጴዛው። የጠረጴዛው በቫኪዩም ወይም በሂሊየም ስለሚለካና ቱቦው ጠንካራ ስለሆነ የተሻለ ያያል። ነገር ግን በክፉ የተዘጋጀ ናሙና በውድ መሣሪያ ቢለካ የሚገኘው ውድ ስህተት ነው። በጀት ካለ መጀመሪያ ለማድረቂያ፣ ለወንፊትና ለወፍጮ ይዋል።

እውነተኛ ጥቅሙ የት ላይ ነው?

ብዙ ናሙና በአጭር ጊዜ የመለካት አቅሙ ላይ ነው። ለዚህ ሁልጊዜ የማነሳው የናይጄሪያዋን ዛምፋራ ግዛት ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 መጀመሪያ ድንበር የለሽ ሐኪሞች በመንደሮች ውስጥ ሕፃናት በሚጥል በሽታ እየወደቁ ሲሞቱ አዩ። ምክንያቱ እርሳስ ነበር። ነዋሪዎቹ በባህላዊ መንገድ ወርቅ ሲያወጡ ድንጋዩን ወደ ቤታቸው አምጥተው ይፈጩትና ያጥቡት ነበር፤ ድንጋዩ ደግሞ በእርሳስ የበለጸገ ነበር። አቧራው ሕፃናት የሚድሁበት ግቢ፣ የሚተኙበት ምንጣፍ ላይ አረፈ። ከ400 በላይ ሕፃናት ሞተዋል።

የጽዳት ቡድኖቹ በእጅ የሚያዝ ኤክስአርኤፍ ይዘው ግቢ ለግቢ ዞሩ። አንዳንዱ ቦታ ከ100,000 ፒፒኤም በላይ፣ ማለትም የአፈሩ አንድ አሥረኛ እርሳስ ሆኖ ተገኘ። ለጽዳቱ መነሻ የተወሰደው መጠን 400 ፒፒኤም ነበር። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ናሙና ውጭ አገር ልኮ ሳምንታት መጠበቅ ማለት ልጁን እዚያው አፈር ላይ ትቶ መጠበቅ ነው። መሣሪያው እዚያው ቆሞ «ይህ ጥግ ይነሳ፣ ያኛው ይቆይ» ብሎ ለመወሰን አስቻለ፤ አፈሩ ከተነሳ በኋላም በቂ መነሳቱን አረጋገጠ። ከተፈጨና ከደረቀ ናሙና ጋር ሲወዳደር ልኬቱ ሻካራ ነበር። ግን 400 እና 100,000ን ለመለየት የተጣራ ልኬት አያስፈልግም። በአገራችን ወርቅ በባህላዊ መንገድ የሚወጣባቸው ቦታዎች ጥቂት አይደሉምና ይህን ታሪክ ማወቅ አለብን እላለሁ።

የወንዝ ወይም የጉድጓድ ውሃ በቀጥታ መለካት ይቻላል?

በእጅ በሚያዘው አይቻልም። ለመጠጥ ውሃ የእርሳስም የአርሰኒክም መመሪያ መጠን 10 ማይክሮግራም በሊትር ነው፤ ይህም ከመሣሪያው ወሰን በመቶዎች እጥፍ ያንሳል። ውሃ በጠርሙስ ይዘው መጥተው «ንጹሕ ነው አለን» ብለው ደስ ብሏቸው የሚሄዱ ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ መሣሪያው ሊያየው የማይችለውን ነው የጠየቁት።

ሁለት አማራጭ አለ። አንደኛው ቲኤክስአርኤፍ የሚባለው የጠረጴዛ ዓይነት ነው። 10 ማይክሮሊትር ገደማ የሆነች የውሃ ጠብታ መጠኑ በታወቀ ጋሊየም ተቀላቅላ በኳርትዝ ሳህን ላይ ትደርቃለች፤ ጨረሩም በ0.1 ዲግሪ ገደማ ማዕዘን ሳህኑን ታኮ ስለሚያልፍ ከበስተጀርባ የሚረብሸው ጨረር ከሞላ ጎደል ይጠፋል። በዚህ መንገድ በማይክሮግራም ደረጃ ማየት ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄውን መቀየር ነው፤ እኔ አብዛኛውን ጊዜ የምመክረው ይህን ነው። ከባድ ብረቶች ውሃ ውስጥ ብዙ አይቆዩም፤ ከጭቃው ጋር ተጣብቀው ይረጋሉ። በታላቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ላይ ዛሬ ጠዋት የተቀዳ ውሃ የሚናገረው ስለ ዛሬ ጠዋት ነው። በወንዙ ጥግና በአባ ሳሙኤል ግድብ የተከማቸው ደለል ግን የዓመታት መዝገብ ነው። ደለል ደግሞ ለኤክስአርኤፍ የተመቸ ናሙና ነው።

አፈር ወይም ደለል እንዴት ይዘጋጃል?

ትልቁ ስህተት የሚሠራው መሣሪያው ሳይነሳ በፊት ነው። የእርሳስ ጨረር ከአፈር ውስጥ ወጥቶ ዲቴክተሩ ጋ የሚደርሰው ከላይኛው 1 ሚሊሜትር ገደማ ብቻ ነው። ግማሽ ኪሎ አፈር ቢያመጡም መሣሪያው የሚያየው ከአንዲት ቁንጥር አይበልጥም። ያቺ ቁንጥር ግቢውን ሙሉ እንድትወክል ማድረግ የእርስዎ ሥራ ነው።

ከአንድ ቦታ ሳይሆን ከብዙ ነጥቦች ይውሰዱና ያቀላቅሉ። ከምረው በአራት ይክፈሉ፣ ትይዩ ያሉትን ሁለቱን ይያዙ፣ የቀረውን ይተዉ፤ መጠኑ እስኪያንስ ይደጋግሙ። ሜርኩሪ የሚፈለግ ከሆነ ከ40 ዲግሪ ባልበለጠ ሙቀት ወይም በጥላ ያድርቁ፣ አለዚያ ተንኖ ይሄዳል። ለሌሎቹ 105 ዲግሪ ይሆናል። መረሬ አፈር ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ ጓሉን ይሰባብሩት፤ አንዴ ከደረቀ እንደ ድንጋይ ነው፣ ለመፍጨት ቀን ይፈጃል። ከዚያ በ2 ሚሊሜትር ወንፊት ጠጠርና ሥር ይለዩ፤ ቀጥሎ 250 ማይክሮሜትር በሆነው ይንፉ። የሕፃናት ተጋላጭነት ከሆነ ጉዳዩ 150 ማይክሮሜትር ይሻላል፤ እጅ ላይ ተጣብቆ አፍ የሚገባው ደቃቁ ነው፣ እርሳሱም እዚያው ላይ ይበዛል።

ለመፍጨት አጌት ከሚባለው ጠንካራ ድንጋይ የተሠራ ሙቀጫ ምርጥ ነው። የተንግስተን ካርባይድ ወፍጮ ናሙናው ላይ ተንግስተንና ኮባልት ይጨምራል፣ የብረቱ ደግሞ ብረትና ክሮሚየም። ሁሉም ናሙናዎች ላይ አንድ ዓይነት ኮባልት ካዩ መጀመሪያ ወፍጮዎን ይጠርጥሩ። በናሙናዎች መካከል ንጹሕ የኳርትዝ አሸዋ ፈጭቶ መጣል ጥሩ ልማድ ነው። በመጨረሻ ዱቄቱን በስስ ፊልም በተሸፈነ ኩባያ ውስጥ ቢያንስ አንድ ሴንቲሜትር ያህል ሞልቶ ጠቅጠቅ ማድረግ፣ ወይም በፕሬስ 32 ወይም 40 ሚሊሜትር ስፋት ያለው እንክብል ማድረግ።

አፈሩ እርጥብ ቢሆንስ? በክረምት ማድረቂያ የለንም።

ውሃ ሁለት ነገር ያደርጋል። መጀመሪያ ያቀጥናል፦ 100 ፒፒኤም እርሳስ ያለው ደረቅ አፈር ከክብደቱ 30 በመቶው ውሃ ሲሆን ወደ 70 ይወርዳል። ሁለተኛ ጨረሩን ይበትናል፤ በዚህም ደካማ ምልክቶች ይደበዝዛሉ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ዘዴ 6200 እንደሚለው እርጥበቱ ከ5 እስከ 20 በመቶ ሲሆን የሚፈጠረው ስህተት ትንሽ ነው፤ ከ20 በላይ ግን ችግር ነው።

ማድረቂያ ከሌለ ናሙናውን በንጹሕ ወረቀት ላይ ስስ አድርጎ አስጥቶ አቧራ ከማይገባበት ክፍል ሁለት ሦስት ቀን ማቆየት ይበቃል። ያም ካልተቻለ ትንሽ መዝነው ያስቀምጡ፣ ሲደርቅ እንደገና ይመዝኑና የእርጥበቱን መቶኛ ከውጤቱ ጎን ይጻፉ።

የአየር ብናኝስ?

በዚህ ላይ ኤክስአርኤፍ በጣም ጎበዝ ነው። ደቃቅ ብናኝ በቴፍሎን ማጣሪያ ላይ ሲሰበሰብ ንብርብሩ እጅግ ስስ ስለሚሆን ጨረሩ በናሙናው ውስጥ አይዋጥም፤ ሒሳቡም ቀላል ይሆናል። ማጣሪያው ሳይበላሽ ይመለሳል። ሲሊከን፣ ካልሲየምና ታይታኒየም አንድ ላይ ከፍ ካሉ የመንገድ አቧራ ነው፤ ፖታሲየም ብቻውን ጎልቶ ከወጣ የማገዶ ጭስ ይጠረጠራል። የመስታወት ፋይበር ማጣሪያ ግን አይጠቀሙ፤ እሱ ራሱ በብዙ ንጥረ ነገር የተሞላ ነው።

ጎመን፣ ጤፍ ወይም እርድ መለካት እችላለሁ?

እንደ ጥያቄው ይወሰናል። በአቃቂ ወንዝ የሚለማ ጎመንና ቆስጣ ለሚያሳስባቸው፦ በዓለም አቀፉ የምግብ ደረጃ ኮዴክስ ለቅጠላ ቅጠል የተፈቀደው እርሳስ 0.3፣ ካድሚየም 0.2 ሚሊግራም በኪሎ ነው፣ በእርጥቡ ክብደት። ጎመን ዘጠኝ አሥረኛው ውሃ ስለሆነ ሲደርቅ 0.3 ወደ 3 ፒፒኤም ገደማ ይወጣል። ይህ ለጥሩ የጠረጴዛ መሣሪያ ወሰን ላይ ነው፤ ካድሚየሙ ግን አይታይም። ለእንዲህ ያለው አይሲፒ-ኤምኤስ የሚባለው፣ በጣም ጥቂት መጠን የሚለካ መሣሪያ ያለው ላቦራቶሪ ያስፈልጋል። ኤክስአርኤፉ ጎመኑ የበቀለበትን አፈር ይለካ።

የጤፍ ብረት ሌላ ጉዳይ ነው። መጠኑ ለመሣሪያው ከበቂ በላይ ነው፤ ጥያቄው ግን ከየት መጣ ነው። ጤፍ በአውድማ ላይ በከብት ሲበራይ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል፣ ፍሬውም ደቃቅ ስለሆነ አፈሩን ለይቶ ማውጣት ይከብዳል። እህል ውስጥ ታይታኒየም እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ አፈር ውስጥ ግን በሺዎች ፒፒኤም ይቆጠራል። ስለዚህ ከብረቱ ጋር ታይታኒየሙም ከፍ ካለ ብረቱ ከአውድማው የመጣ ነው። ይህን ሳያዩ «የእኛ ጤፍ ብረቱ ይህን ያህል ነው» ማለት አያስኬድም።

እርድ ላይ ደግሞ በእጅ የሚያዘው መሣሪያ ድንቅ ሥራ ሠርቷል። በባንግላዴሽ ነጋዴዎች እርዱን ለማድመቅ ቢጫ የእርሳስ ክሮሜት ቀለም ይጨምሩ ነበር። እርሳስና ክሮሚየም አንድ ላይ ሲታዩ ምንጩ ይታወቃል። በገበያ ላይ በተደረገው ቁጥጥርና የግንዛቤ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2019 ከናሙናዎቹ 47 በመቶው ላይ ይታይ የነበረው እርሳስ በ2021 ወደ ዜሮ ወርዷል።

መሣሪያው አርሰኒክ አለ ይላል፣ ሌላው ላቦራቶሪ የለም ይላል። ማን ልመን?

መጀመሪያ የእርሳሱን ቁጥር ይመልከቱ። ንጥረ ነገሩ ከሚለቃቸው ጨረሮች እያንዳንዱ መስመር ይባላል። የአርሰኒክ ዋናው መስመር 10.54፣ የእርሳስ ዋናው መስመር 10.55 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ላይ ነው። ዲቴክተሩ ሊለያቸው የሚችለው ልዩነት 0.13 አካባቢ ስለሆነ ሁለቱ ለእሱ አንድ ናቸው። ሶፍትዌሩ ይህን ለመፍታት እርሳስን በሌላው መስመሩ በ12.6 ይለካና ድርሻውን ከ10.5ቱ ላይ ይቀንሳል፤ የተረፈውን አርሰኒክ ይለዋል። እርሳሱ ብዙ ሲሆን ከትልቅ ቁጥር ላይ ትልቅ ቁጥር እየተቀነሰ ነው፤ የተረፈችው ትንሽ ቁጥር ለማመን የምትበቃ አይደለችም። እርሳሱ ከአርሰኒኩ 10 እጥፍና ከዚያ በላይ ከሆነ በኤክስአርኤፍ የተገኘውን የአርሰኒክ መጠን አይጻፉ።

ተመሳሳይ ወጥመዶች አሉ። ብረቱ 10 በመቶ በሚደርስ ቀይ አፈር ላይ የብረት ሁለተኛ መስመር፣ 7.06፣ የኮባልትን 6.93 ይሸፍናል። መሣሪያው የሌለ ኮባልት ይፈጥራል ወይም ያለውን ይደብቃል። ታይታኒየም የበዛበት የባዛልት አፈር ላይም ቫናዲየም እንዲሁ ነው፣ 4.93 እና 4.95። ቁጥሩን ብቻ አይዩ፤ ስፔክትረሙን፣ ማለትም በየኃይሉ የተቆጠረውን ጨረር የሚያሳየውን ግራፍ፣ ከፍተው የንጥረ ነገሩ ጫፍ በእርግጥ መኖሩን በዓይንዎ ይመልከቱ። ይህን የሚያደርግ ለኪ ጥቂት መሆኑ ያሳስበኛል።

ኤክስአርኤፍ ከአሲድ ምርመራው ለምን ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል?

ሁለቱ የሚለኩት አንድ ነገር ስላልሆነ ነው። ኤክስአርኤፍ በማዕድኑ ውስጥ የተቆለፈውንም ጨምሮ ጠቅላላውን ያያል። በናይትሪክና በሃይድሮክሎሪክ አሲድ የሚደረገው ምርመራ የሟሟውን ብቻ ይለካል። ክሮማይት ማዕድን ውስጥ ያለ ክሮሚየም ለአሲዱ እምብዛም አይበገርም፤ ስለዚህ በክሮሚየም ላይ ልዩነቱ ሰፊ ይሆናል። ከብክለት የመጣ እርሳስ ግን በቀላሉ ስለሚሟሟ ሁለቱ ይቀራረባሉ። እርሳስ ላይም ከተራራቁ አንዱ በደረቅ፣ ሌላው በእርጥብ ክብደት ሪፖርት አድርጎ እንደሆነ ያጣሩ። ግማሹ ክርክር እዚያ ላይ ያልቃል።

በቆዳ ፋብሪካ አቅራቢያ ክሮሚየም አግኝተናል። መርዛማው ነው?

ከኤክስአርኤፍ ውጤት ይህን ማወቅ አይቻልም። ሞጆን በመሰሉ የቆዳ ፋብሪካ ከተሞች ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ባለ ሦስት ክሮሚየም ነው፤ ካንሰር አምጪው ባለ ስድስቱ ነው። መሣሪያው ሁለቱንም ደምሮ አንድ ቁጥር ይሰጣል። ቁጥሩ የሚያሳየው ክሮሚየሙ የት ቦታ ላይ እንደተከማቸ፣ እስከ ምን ያህል ርቀት እንደሄደ ነው። ከፍተኛ የተገኘባቸውን ነጥቦች መርጦ ለባለ ስድስቱ የኬሚካል ምርመራ መላክ ቀጣዩ እርምጃ ነው። «ክሮሚየም 800 ፒፒኤም ተገኘ» የሚል ዜና ያለዚህ ማብራሪያ ማውጣት ሕዝብን ያስደነግጣል፣ ፋብሪካውም በቀላሉ ያስተባብለዋል።

መሣሪያው የተስተካከለው ውጭ አገር ነው። የአዲስ አበባ ከፍታ ለውጥ ያመጣል?

ለእርሳስና ለዚንክ አያመጣም። ለማግኒዚየም፣ ለአሉሚኒየም፣ ለሲሊከንና ለፎስፈረስ ግን ያመጣል። የአዲስ አበባ የአየር ግፊት ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ደካማው ጨረር ሳይዋጥ ብዙ ይደርሳል፣ መሣሪያውም ቁጥሩን ያጋንነዋል። ብዙ መሣሪያዎች የግፊት ማስተካከያ አላቸው፤ ማስተካከያው መሥራቱን ያረጋግጡ ወይም ግፊቱን በእጅ ያስገቡ። አዋሽ ሸለቆ ወርደው ሲለኩም እንደገና ያስተካክሉ።

ውጤቴን ሌላ ሰው እንዲያምነው ምን ላድርግ?

ስክሪኑ ላይ የሚታየው «ሲደመር ሲቀነስ» የቆጠራውን ስህተት ብቻ ነው የሚነግረው። የናሙና አወሳሰድን፣ የእርጥበትንና የካሊብሬሽንን (የመሣሪያውን ማስተካከያ) ስህተት አያውቅም። ስለዚህ ማስረጃውን እርስዎ ራስዎ ይሠሩታል። በየጠዋቱና በየ20 ናሙናው ንጹሕ ኳርትዝ ይለኩ፤ እርሳስ ካሳየ መስኮቱ ቆሽሿል። መጠኑ የተረጋገጠ አፈርም አብሮ ይለካ። ከአሜሪካው የደረጃዎች ተቋም ኒስት የሚገኘው 2711ኤ የተባለው የሞንታና አፈር 1,400 ፒፒኤም እርሳስ፣ 2709ኤ የተባለው 17 ፒፒኤም ገደማ አለው፤ ከፍተኛውንም ዝቅተኛውንም ለመፈተን ሁለቱ ይበቃሉ። ከዚያ ከናሙናዎችዎ ቢያንስ ከ20 አንዱን ወደ አሲድ ላቦራቶሪ ይላኩ። ዝቅተኛ፣ መካከለኛና ከፍተኛ መርጠው ይላኩ፤ ከፍተኛዎቹን ብቻ መላክ በኤክስአርኤፉና በላቦራቶሪው ውጤቶች መካከል ያለውን ዝምድና በሐሰት ያሳምረዋል። በዘዴ 6200 የዝምድና መለኪያው 0.9 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ውጤቱ ከመጠቆሚያነት አልፎ በራሱ ሊጠቀስ ይችላል፤ ከ0.7 እስከ 0.9 ለጥቆማ ብቻ ነው።

ሪፖርቱ ላይ የመሣሪያው ዓይነት፣ የልኬት ጊዜው፣ የወንፊቱ ቁጥር፣ እርጥበቱና የመለየት ወሰኑ ይጻፉ። የለኩባቸውን ኩባያዎች አይጣሉ፤ ቀንና ቦታ ጽፈው በሳጥን ያስቀምጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቁጥሩን የሚጠራጠር ሰው ቢመጣ ያንኑ አፈር አውጥተው በፊቱ ይለኩለታል።